ለቮልስ እድሳት የሚሆን መለዋወጫ ለምን ጠፋ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች «ቮልስ» የምንለው ሞተሩ ከኋላ የሆነውንና በአየር የሚቀዘቅዘውን የድሮውን ቢትል ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃ ጠፋ የሚባለው እውነት ነው? ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ነገር ተደርድሮ አየዋለሁ።

ሁለቱም እውነት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው ዕቃ አልጠፋም። ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የሞተር ጓርኒሲዮን ዛሬም ይመረታል። የጠፋው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚጠይቀው ዕቃ ነው፤ ጥራቱ የፋብሪካውን የሚስተካከለውም አብሮ እየጠፋ ነው። ከሁለቱ የሚከፋው ግን «ይሄ ላንተ መኪና አይሆንም፣ የሚሆነው ያኛው ነው» ብሎ ገዢውን የሚመልስ ነጋዴ መጥፋቱ ነው። ድሮ ሱቁ የሚያውቀውን ዛሬ ገዢው ራሱ ማወቅ አለበት። የዚህ ገጽ አብዛኛው ክፍልም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ቮልስ ላይ ብቻ የሚሠሩት ነጋዴዎች ለምን ቀነሱ?

የቮልስ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ርካሽ የነበረው መኪናው ራሱ መመረቱን ስላላቆመ ነው። ጀርመን ውስጥ የመጨረሻው ቢትል ከኤምደን ፋብሪካ የወጣው በ1978 ነው፤ ብራዚል ግን እስከ 1986፣ ከዚያም እንደገና ከ1993 እስከ 1996 ሠርታዋለች። ሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ያለው ፋብሪካ የመጨረሻውን ያወጣው ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን በጠቅላላው 21,529,464 መኪና ተሠርቷል። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ደግሞ በብራዚሉ ኮምቢ (የቮልስዋገን ሚኒባስ) ላይ እስከ 2005 መጨረሻ ቆይቷል። እነዚህ ፋብሪካዎች እስከሠሩ ድረስ ካርቡራተር የሚሠራው ብሮሶልም ሆነ ሌሎቹ አቅራቢዎች ለፋብሪካው በብዛት ያመርቱና ከዚያው ላይ ለመለዋወጫ ገበያው ይሸጡ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ያ ብዛት ቀረ። ለጥቂት መቶ ደንበኛ ሲባል አዲስ ስታምፖ (ዕቃው የሚወጣበት ቅርጽ) የሚያስቀርጽ የለም፣ አሮጌው ስታምፖ ደግሞ እያለቀ የሚያወጣው ዕቃ ልኩን እየሳተ ይሄዳል።

በአውሮፓና በካሊፎርኒያ ያሉት ልዩ ሱቆች ባለቤቶች አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሥራ የጀመሩ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የመጋዘኑን ዕቃ የሚገዛው ትልቅ ነጋዴ ፈጣን ተሻጩን ይወስዳል፤ ቀስ ብሎ የሚሸጠው የመደርደሪያ ኪራዩን ስለማይመልስ ለቁርጥራጭ ይሄዳል። ቮልስዋገን ራሱ «ቮልስዋገን ክላሲክ ፓርትስ» በሚል ስም ከቮልፍስቡርግ ይሸጣል፤ ያለውን ቢሸጥም ሁሉም የለውም።

እኛ ጋ ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ስለጣለ፣ ዕቃዋን ለመጠቀም ብሎ አሮጌ ቮልስ ማስገባት የማይታሰብ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከመቶ ብር በላይ ወጣ። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ላይ ያለው የቮልስ ዕቃ ድሮ የገባው ነው፤ አንዴ ካለቀ የሚተካው ከሌላ የታረደ ቮልስ እየተነቀለ ነው።

መኪናዬ የስንት ዓመት መሆኗን በእርግጠኝነት እንዴት ላውቅ?

ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ይህን ይጨርሱ። ተሳስቶ ከሚመጣ ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው የዓመቱ ጉዳይ ሳይጣራ ሲቀር ነው።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ይለዩ። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት በሀገራችን ነው ወይስ በፈረንጅ? ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስ ተሳፍረው የወጡት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ለፈረንጅ ሻጭ ግን ያ ቀን 1974 ውስጥ ነው። በቮልስ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ማለት የባትሪው ቮልት፣ የፊት እግሩ እና የጎማው ብሎን ሁሉ ሌላ ነው ማለት ነው። «የስድሳ ሞዴል» ብለው ካሊፎርኒያ ቢያዝዙ የ6 ቮልት ዕቃ ይልኩልዎታል።

ከዚያ የሻንሲውን ቁጥር ያንብቡ። የኋላውን መቀመጫ ሲያነሱ መሐል ላይ ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል፤ ፊት ለፊት ትርፍ ጎማው ከሚቀመጥበት ኋላ ባለው ሳህን ላይም ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቁጥሩ ሦስተኛ አሃዝ የሞዴሉ ዓመት ነው። 118 ብሎ ከጀመረ የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ጀምሮ ቁጥሩ አሥር አሃዝ ሆነ፦ 110 ብሎ የሚጀምረው የ1970፣ 112 የሚለው የ1972 ነው። የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ከነሐሴ መሆኑንም ያስታውሱ፤ በ1967 መስከረም የተሠራ መኪና የ1968 ሞዴል ነው።

ሻንሲው የሚነግርዎ ስለ መኪናው አካል ብቻ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሞተሯ ያልተቀየረ ቮልስ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ የሞተሩን ቁጥር ለብቻ ያንብቡ። ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ ኬዙ (የሞተሩ ውጫዊ ቤት) ላይ ነው። ፊደሉ ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ወይም ኤቢ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500፣ ኤዲ ወይም ኤኤስ ከሆነ 1600 ነው። ፊደሉም ቢሆን ኬዙ እንዴት እንደወጣ እንጂ ዛሬ ውስጡ የትኛው ፒስተን እንዳለ አይናገርም፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲወርድ የሲሊንደሩን ስፋት በካሊፐር ይለኩ። 77 ሚሊ ሜትር የ1200 ወይም የ1300፣ 83 የ1500፣ 85.5 የ1600 ነው።

ከዓመቱ ጋር የሚቀያየሩት ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው። ከነሐሴ 1965 በፊት የፊት እግሩ ባለ ኪንግ ፒን (ጎማው በፒን ላይ የሚዞርበት) ነው፣ ከዚያ ወዲህ ባለ ቦል ጆይንት (በኳስ መገጣጠሚያ የሚዞርበት)። 12 ቮልት የገባው በ1966 እና 67 መካከል እንደየሀገሩ ሲሆን ርካሹ 1200 ግን 6 ቮልት ሆኖ ቆይቷል። ጎማው በአብዛኛው እስከ ነሐሴ 1967 ባለ አምስት ብሎን (205 ሚሊ ሜትር)፣ ከዚያ በኋላ ባለ አራት (130 ሚሊ ሜትር) ነው። 1302 እና 1303 የተባሉት የቢትል ሞዴሎች የፊት እግራቸውም የኋላቸውም ሌላ ስለሆነ የመደበኛውን ቢትል የእግር ዕቃ አይዘዙላቸው።

የዕቃው ቁጥር ምን ይነግረኛል?

ብዙ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን መኪና ይናገራሉ፦ 111 ወይም 113 ቢትል፣ 211 ኮምቢ፣ 311 ደግሞ ታይፕ 3 (ሌላው በአየር የሚቀዘቅዝ የቮልስዋገን የቤት መኪና) ነው። አራተኛው አሃዝ ክፍሉን ይናገራል። 1 ሞተር፣ 2 ነዳጅና ማርሚታ፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 5 የኋላ እግር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 7 ፔዳልና ማንሻ፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። መጨረሻ ላይ ፊደል ካለ ዕቃው ተሻሽሏል ማለት ነው። ስለዚህ ኮምቢ ላይ የተገኘ ዕቃ ቁጥሩ በ111 ከጀመረ የቢትልም ነው፤ «የኮምቢ ነው» ብለው አይለፉት።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ምን ልይ?

ሙሉ ሞተር ከሆነ መጀመሪያ የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ መልሰው ይግፉ። ክራንክ ሻፍቱ ሊኖረው የሚገባው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ 0.15 ካለፈ ጊዜው አልፏል። ይህን ያህሉ በእጅ አይታወቅም። «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ወይም መንቀሳቀሱን በዓይንዎ ካዩ ኬዙ ውስጥ ያለው የኩሽኔታ ቤት ተቀጥቅጧል ማለት ነው፤ ሞተሩን ለዕቃው እንጂ ለመንዳት አይግዙት።

ከዚያ ሞተሩን በፑሊው ያዙሩት። በሁለት ዙር አራት ጊዜ እኩል ሊከብድዎ ይገባል። አንዱ ላይ ቀለል ካለ ቁጥር 3 ሲሊንደርን ይጠርጥሩ። ከመኪናው ኋላ ቆመው ወደ ፊት ሲያዩ በግራ በኩል፣ ወደ ካምቢዮው ያለችው ናት። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በቀጥታ ከላይዋ ስለሚቆም የሚደርሳት አየር ሞቆ ነው። ስለዚህ የጭስ ማውጫ ቫልቯ ቀድሞ ይቃጠላል ወይም አንገቱ ይበጠሳል። ኬዙም ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከእሷ ጀርባ፣ በፍላይ ዊሉ በኩል ነው፤ ዘይቱን በጨርቅ ጠርገው በባትሪ መብራት ይዩ። ኬዙ ማግኒዚየም ነው፣ እንደ አሉሚኒየም ቆጥሮ የሚበይድ ሰው ያበላሸዋል።

ሞተሩን ከነላሜራው ይግዙ። ሻጩ ላሜራዎቹን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጥላቸዋል፤ ዛሬ ግን ከሞተሩ ይልቅ የሚቸግረው እነሱን ማግኘት ነው። በሲሊንደሮቹ ሥርና ላይ የሚታሰሩት እያንዳንዳቸው አየሩን ወደ ብረቱ የሚመሩ ናቸው። አንዷ ብትጎድል ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ግን ይጋላል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ዘርፍም እንዲሁ ነው፦ ከታች ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይገባ ይከላከላል።

ቴስታታ ላይ በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቩ መቀመጫ መካከል ስንጥቅ ይፈልጉ። ካንዴላ በእጅዎ አስገብተው ያዙሩ፤ ከተወዛወዘ ጥርሱ አልቋል።

የኋላ ታምቡር ሲገዙ የሚያዩት የውስጡን ጥርስ ነው። መሐሉ ላይ ያለውን ትልቁን የ36 ዳዶ በደንብ ያላጠበቀ መካኒክ ብዙ ስለሆነ ጥርሱ ተበልቶ እንደ መጋዝ የሾለ ታምቡር ገበያውን ሞልቶታል። ሸራው የሚያርፍበት ገጽ ዲያሜትር ሲወጣ 230 ሚሊ ሜትር ነበር፤ 231 ካለፈ ይተዉት። ሲገጥሙት ዳዶውን በ300 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። የቶርክ ቁልፍ ከሌለ አንድ ሜትር ቧንቧ ቁልፉ ላይ ያስገቡና ጫፉ ላይ 31 ኪሎ የሚሆን ክብደት ይጫኑ። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላቀቅ የሚሰካው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ያጥብቁ እንጂ በፍጹም አይመልሱ።

የፍሬን ሲሊንደር፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የመሪ ጫፍ ያገለገለ አይገዛም። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

አዲስ የገዛሁት ዕቃ ከአሮጌው ቀድሞ ለምን ተበላሸ?

ቅጂ ስለሆነ፣ ቅጂውም የተቀዳው ከቅጂ ስለሆነ። ሁሉም መጥፎ አይደለም፤ የሚያስቸግሩት ግን ይታወቃሉ።

የነዳጅ ፓምፕ አንደኛው ነው። አዲሶቹ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይገፋሉ፣ ካርቡራተሩ ይሞላል፣ ቤንዚን ይተፋል። ሰው ካርቡራተሩን ይወቅሳል። መጀመሪያ ፓምፑን የሚገፋውን ዘንግ ይለኩ። ዲናሞ ላለው ሞተር 108 ሚሊ ሜትር፣ ኦልተርኔተር ላለው 100 ነው፤ ሁለቱ ሲቀያየሩ ፓምፑ ወይ ይሰበራል ወይ አይስብም። ልኩ ትክክል ከሆነ ዘንጉ በከፍታው ጫፍ ላይ ሳለ ከጓርኒሲዮኑ በላይ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ሊወጣ ይገባል። ከበለጠ ከፓምፑ ሥር ጓርኒሲዮን ይጨምሩ፣ ግፊቱ ይወርዳል።

የነዳጅ ጎማ ሁለተኛው ነው፣ መኪናም የሚያቃጥል እሱ ነው። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ውጪው በጨርቅ የተጠለፈ ነው። ርካሹ በጨርቁ ሥር ተሰነጣጥቆ ከውጭ ደህና ይመስላል። አጥፈው ይዩት፤ ከተንኮሻኮሸ ይቀይሩ። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት ትንሿ የነሐስ ቱቦ በግፊት ብቻ የተሰካች ናት፣ በጣትዎ አዙረው ይሞክሯት። ከዞረች አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ትወጣለች፣ ሥሩ ደግሞ የዲስትሪቢውተሩ ፍንጣሪ አለ። ከባዱን የብረት ማጣሪያም በሞተሩ በኩል ጎማው ላይ አያንጠልጥሉ።

የፑሽ ሮድ ቱቦዎች ዘይት የሚያንጠባጥቡት ጎሚኒው መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቱቦዎቹ ተጨፍልቀው አጥረዋል። ከመግጠምዎ በፊት በሁለቱም ጫፍ ያለውን እጥፋት በእጅ እየሳቡ ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር (ለ1300 እና ከዚያ በላይ) ያስረዝሟቸው፣ ስፌቱን ወደ ላይ ያዙሩ።

ኮንደንሰር፦ የሚሠራ አሮጌ ቦሽ ካለዎት አይጣሉት። የፑንቲናውን (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚከፈተውና የሚዘጋው መገናኛ) ክፍተት በ0.4 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉ። አዲሱ ኮንደንሰር ሞተሩ ሲሞቅ ካጠፋዎት አሮጌውን መልሰው ይሞክሩ።

የኋላ አክስል ላይ ያለው ለሁለት የሚከፈተው ጎማ ሸፋን ደግሞ ስፌቱ ወደ ታች ከሆነ ያፈሳል። ካምቢዮው ሲደርቅ ተጠያቂው ይህ ነው፤ በ2.5 ሊትር የ90 ካምቢዮ ዘይት፣ ጂኤል-4 በሆነው ይሙሉት።

አዲስ ካርቡራተር ልግዛ ወይስ አሮጌውን ላሳድስ?

አሮጌው ሶሌክስ ወይም ብሮሶል ከሆነና አካሉ ካልተሰነጠቀ ያሳድሱ። አብዛኛውን ጊዜ የተበላው አንድ ነገር ነው፦ የቢራቢሮዋ ዘንግ የምትዞርበት ቀዳዳ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ዘንጓን ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዟት፣ ወይም ጫፏ ላይ ትንሽ ውኃ ይርጩ። ድምፁ ከተቀየረ አየር በዚያ እየገባ ነው፤ ሚኒሞውን ማንም መካኒክ አያስተካክለውም። ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ የነሐስ ቦኮላ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ሊያስገባ ይችላል። ሁለቱ ቦኮላዎች በአንድ መስመር መውደቅ አለባቸው፤ ስለዚህ ከአንዱ ወገን ተጀምሮ በአንድ ጊዜ መበሳት አለበት እንጂ ለየብቻ አይደለም።

የሚኒሞ ቫልቩን ገመድ ነቅለው መልሰው ባትሪ ሲነኩት «ቀጭ» ማለት አለበት። 6 ቮልቱ ከ12 ቮልቱ ጋር እንዳይምታታ።

ከዚያ ጅግለሩ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካባት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ፣ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከውጭ የሚመጣው ካርቡራተር የተለካው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይሆናል። ዋናው ጅግለር በቁጥሩ ስድስት በመቶ ገደማ ይቀነስ፦ 127.5 ከሆነ ወደ 120፣ 125 ከሆነ ወደ 117.5። አሮጌው ጅግለር በሽቦ ተጎርጉሮ ሰፍቶ ሊሆን ስለሚችል ላዩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይመኑ። ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ አዘውትረው የሚወርዱ ከሆነ በጣም አያሳንሱት፤ የሳሳ ድብልቅ በቆላ ሙቀት ያችኑ ቁጥር 3ን ያቃጥላል።

ሞተሪኖው ሲሞቅ አያዞርም። ሌላ ገዛሁ፣ ያውም ያው ነው።

ሞተሪኖው ሳይሆን ቦኮላዋ ናት። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው ካምቢዮው ቤት ላይ በተገጠመች ትንሽ ቦኮላ ውስጥ ነው፤ እሷ ስትበላ ዘንጉ ያዘነብላል፣ ሮተሩ ከአካሉ ጋር ይፋተጋል። ሞተሪኖ በተቀየረ ቁጥር ቦኮላዋም ትቀየር። የ6 እና የ12 ቮልቱ ይለያያል። ፍላይ ዊሉንም ያረጋግጡ፦ የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው። ቆጥረው ይግዙ።

ሞተር ላወርድ ነው። አስቀድሜ ምን ልያዝ?

ሕጉ አንድ ነው፦ ኩሽኔታውን በእጅዎ ሳይዙ ክራንክ ሻፍቱን አያስሞርዱ። የቮልስ ዋና ኩሽኔታ ሁለት ልክ አለው፣ የውስጡ ለክራንኩ፣ የውጪው ለኬዙ። ክራንኩ በ0.25፣ 0.50 ወይም 0.75 ይሞረዳል፤ ኬዙ ደግሞ ሰፍቶ ከሆነ 0.50 ወይም 1.00 ይጨምራል። የሁለቱ ጥምረት ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ገበያ ላይ የለም። ክራንኩን በ0.75 አስሞርዶ፣ ኬዙን በ1.00 አስፍቶ፣ የሚገባበት ኩሽኔታ አጥቶ ዓመት የቆመ መኪና ብርቅ አይደለም። የክራንኩ መደበኛ ልክ በዋና ኩሽኔታዎቹ ላይ 55 ሚሊ ሜትር ነው፣ አራተኛው ብቻ 40። ያስለኩ፣ ምን ጥምረት እንደሚገኝ ይጠይቁ፣ ይግዙ፣ ከዚያ ያስሞርዱ።

ሌላው የፍላይ ዊል ሽም (ስስ ቀለበት) ነው። ሁልጊዜ ሦስት ይገባሉ፣ ውፍረታቸውም ከ0.24 እስከ 0.36 ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ በእነሱ ነው ያ የክራንክ ጨዋታ የሚስተካከለው። ጥቂት ተጨማሪ ሳይይዙ ከጀመሩ ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የፍላይ ዊል ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ቀለበት)፣ ሙሉ የጓርኒሲዮን ስብስብ፣ ስምንት አዲስ የጭስ ማውጫ ዳዶ ይያዙ። የቴስታታ ቡሎኖች ከኬዙ ጥርስ ነቅለው እንዳይወጡ የብረት ኢንሰርት ይግባባቸው፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ በ31፣ ባለ 8ቱ በ25 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ሲጨርሱ ቫልቮቹን ሞተሩ እንደቀዘቀዘ በ0.15 ያስተካክሉ። ይህ ለ1300 እና ከዚያ በላይ ነው።

ቶርኖ ቤትና ምናለሽ ተራ ምን ሊሠሩልኝ ይችላሉ?

ብዙ ነገር። ታምቡርና ፍላይ ዊል ማስተካከል፣ የቫልቭ መቀመጫና ጋይድ፣ የፔዳል ቦኮላ፣ የማርሚታ ቧንቧ፣ የወለል ላሜራ። ወለሉ ጠፍጣፋ አይደለም፤ የተመታበት ጉብታ ጥንካሬ የሚሰጠው ስለሆነ ሜዳ ላሜራ ሲበየድበት ይንቀጠቀጣል። በሮቹ ሥር ያሉት ሳጥን መሰል ቱቦዎች ሲቀየሩ ቦዲው ከሻንሲው ሳይነሳ፣ በሮቹም ተዘግተው ይሠራ። በሩ ተከፍቶ ከተበየደ ቦዲው ይወርድና በሩ ዳግም አይዘጋም።

የማይሆነው፦ ኪንግ ፒንና ሊንክ ፒን። ከተራ ብረት የተቀረጸ ፒን ላዩ ስላልጠነከረ በወራት ይበላል። ኦሪጅናሉን ለማቆየት በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ግራሶ ይስጡ፤ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ይሁን፣ አለዚያ ግራሶው ክብደት ያረፈበት ገጽ ውስጥ አይገባም። ከጎማ ቁራጭ የተቆረጠ ጎሚኒም ለበርና ለመስኮት ይሁን እንጂ ቤንዚንና የፍሬን ዘይት የሚነካው ቦታ አይግባ።

የቮልስ ነጋዴ ሳልፈልግ የማገኘው ዕቃ አለ?

አለ፣ ሰው ግን አይሞክረውም። ኩሽኔታ ቀለበቱ ላይ ዓለም አቀፍ ቁጥር አለው፤ 6306 የተባለው የትም ቢሠራ 30 በ72 በ19 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩን ይዘው ኩሽኔታ ቤት ይሂዱ። ፓራኦሊዮም በሦስት ልክ ይሸጣል፦ የውስጥ፣ የውጪ፣ የውፍረት። ዲናሞ ላለው ሞተር ቺንጋው 9.5 በ905 ነው፣ የምን መኪና እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ከብራዚል፣ ከሜክሲኮ ወይም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዕቃ ይሆናል?

የብራዚሉ 1600 ሞተር ዕቃ በአብዛኛው ይሆናል። መስታወትና በር ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ብራዚል የድሮዎቹን ትንንሽ መስኮቶች እስከ መጨረሻው ስለያዘች ከ1965 ወዲህ ላለው የጀርመን ቦዲ አይገጥምም። የሜክሲኮዎቹ ከ1993 ወዲህ ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚሰጡና ሃይድሮሊክ ታፔት ያላቸው ናቸው፤ ኬዙና ካም ሻፍቱ ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ እስከ 1979 ቢትል ሠርታለች፣ መሪው ግን በቀኝ ነው። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ታምቡር ይሆናል፤ የመሪ ሳጥን፣ ፔዳልና ዳሽቦርድ አይሆንም።

ዘመድ ከአሜሪካ እየመጣ ነው። ምን ላስመጣ?

ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ትንሽና ውድ ይሁን። ዋናና የቢዬላ ኩሽኔታ፣ የፒስተን ፋሻ፣ የካርቡራተር ጥገና ኪት፣ የፍሬን ጎማ ቱቦና ሲሊንደር፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ የነዳጅ ጎማ አምስት ሜትር። ያገለገለ ካርቡራተር ወይም ፓምፕ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ አየር መንገዶች አይቀበሉትም፤ በጋዝ የተሞላ ሾክ አብዞርበርም ሊያስቆም ይችላል። አዲስ ዕቃ ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ ይምጣ። ከአንድ ዓይነት አሥር ከሆነ ለንግድ ነው ተብሎ ቀረጥ ይጠየቅበታል። ከማዘዝዎ በፊት የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ከነማስመሪያው፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር አብረው ይላኩ። ዘመድዎ ስለ ቮልስ ምንም ባያውቅ እንኳ ሻጩ ያነበዋል።

ገንዘቤ ጥቂት ነው። ቀድሜ የቱን ልግዛ?

መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ የነዳጅ ጎማ። ሦስተኛ የሚገዙት የሚጠፋውን ነው፦ ሙሉ የሞተር ላሜራ ካገኙ፣ ባይፈልጉትም ይውሰዱት። ክሮምና ጌጥ ይቆይ። ፓራፋንጎ፣ ኮፈንና ባምፐር በቅጂም ይገኛል፤ ቅጂውን ሲገዙ ግን ቀለም ከመቀባቱ በፊት መኪናው ላይ አስገጥመው ይዩ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በፋይል መስፋት ይፈልጋል። ጎሚኒ ደግሞ ለአምስት ዓመት ብለው አያከማቹ፣ ሳይገጠም መደርደሪያ ላይ እያለ ይደርቃል።